ከብረቱ በፊት ካቻቢቴው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

አጎቴ ሶላት የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ስላረጁ አይደለም፤ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ ቅልጥማቸው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አጥንቱም በብረትና በስምንት ብሎን ታሰረ። ከወራት በኋላ ግን ቁስሉ መግል መያዝ ጀመረ። ሐኪሞቹ «አጥንቱ ስለገጠመ ብረቱ ይውጣ» አሉ። ቤተሰብ ብር አሰባሰበ፣ ቀን ተቀጠረ፣ ማደንዘዣ ተሰጣቸው፣ እግራቸው ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ የታወቀው፦ የብሎኑን ራስ በትክክል የሚገጥም ካቻቢቴ አልነበረም።

የተገኘው ካቻቢቴ ትንሽ ይጠብበዋል። ሦስት ብሎኖች እንደምንም ወጡ። አራተኛው ላይ ካቻቢቴው ተንሸራቶ የብሎኑን ራስ በላው። የቀሩትም እምቢ አሉ። ቁስሉ ተዘጋና አጎቴ አምስት ብሎን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ብረቱ የወጣው ከሰባት ወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ የብሎኖቹ ራስ በድሪል ተቆርጦ ነው። እስከዚያ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ ጉልበታቸውም ደርቆ ነበር። ዛሬ ሱጁድ መውረድ አይችሉም።

ይህን የምጽፈው ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ በእጃቸው ባለው መሣሪያ የሚችሉትን አድርገዋል። የምወቅሰው ራሴን ነው፣ እኔን የመሰሉትንም ጭምር። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ብሎን፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ቶርክ አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ አክስቴ ሲያለቅሱ ሳይ ግን፣ ይህ የኔ ትምህርት ጉዳይ መሆኑ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልታየኝም። «የሐኪም ሥራ ነው» ብዬ ነበር የቆምኩት።

የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም

አጥንት የሚያስሩ ብሎኖች እንደማንኛውም ብሎን ልክ አላቸው። ለትልልቅ አጥንት የተለመደው 4.5 ሚሊ ሜትር ብሎን በ3.5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ካቻቢቴ ይፈታል። የትንንሽ አጥንቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ሌሎች አምራቾች ኮከብ መሰል ራስ ይሠራሉ። እንደኛ ባለ አገር ብረቱ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፦ የተገዛ አለ፣ በእርዳታ የመጣ አለ፣ ለጥቂት ቀን የመጡ የውጭ ሐኪሞች ይዘውት የመጡና ትተውት የሄዱት አለ። ብረቱ በሰው እግር ውስጥ ይቀራል፤ ካቻቢቴው ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ ይሄዳል። በታካሚው ካርድ ላይ የብሎኑ ዓይነት ካልተጻፈ ደግሞ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያውቀው ከከፈተ በኋላ ነው።

ይህ የሕክምና እውቀት ማነስ አይደለም። የንድፍ፣ የልክና የመዝገብ ችግር ነው። የሚፈታውም ካሊፐር መያዝ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ ካሊፐር መያዝ የሚያውቁ ሙስሊም ተማሪዎች ሞልተዋል።

የዐርፈጃ አፍንጫ

ስለ ሰው ሠራሽ አካል ስናወራ ብዙዎቻችን ከሃይማኖታችን ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስለንም። የዐርፈጃ ኢብን አስዐድን ታሪክ አስታውሱ። አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። እኚህ ሶሐባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት ቀን አፍንጫቸውን አጡ። የብር አፍንጫ አሠሩ፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው።

ወርቅ ለወንድ እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን። ፉቀሃዎች ከዚህ ሐዲስ ተነስተው ለሕክምና ሲያስፈልግ ስለሚፈቀደው ነገር ተነጋግረዋል። እኔ ፈትዋ ለመስጠት አልበቃም። እንደ ምህንድስና ተማሪ ግን አንድ ነገር ያስደንቀኛል፦ ችግሩ የቁስ ምርጫ ነበር። ብር ከሰውነት እርጥበትና ከድኝ ውሕዶች ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ወርቅ ግን ዝም ይላል። ዛሬ በላቦራቶሪ «ሰውነት ይህን ቁስ ይቀበለዋል ወይ?» ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ፣ የአንድ ሰው ጉዳት ተሰምቶ ቁሱ እንዲቀየር በተደረገበት በዚያ ታሪክ ውስጥ አለ። ታካሚው ተናገረ፣ ተሰማ፣ ንድፉ ተስተካከለ። ከዚህ የተሻለ የንድፍ ትምህርት ክፍል ውስጥ አልተማርኩም።

የዛሬው ቁስ ምርጫ ውስብስብ ነው። ብረት ስላልዛገ ብቻ ለአጥንት አይሆንም። የሰው ጠንካራ አጥንት ግትርነት ከ15 እስከ 20 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚውለው የቲታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ፣ የማይዝገው ብረት ደግሞ ወደ 200 ይጠጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ ጭነቱን ግትሩ ይሸከማል። አጥንት ደግሞ ካልተሸከመ ይሳሳል፤ የሚጠነክረው ሲሠራበት ነው። ስለዚህ በጣም ጠንካራ ብረት ሠርተን አጥንቱን ልናደክመው እንችላለን። በጣም ለስላሳ ከሆነም ስብራቱ ይንቀሳቀስና አይገጥምም። ይህን ሚዛን መፈለግ የኛ የቁስ ጥናትና የሜካኒክስ ኮርሶች ዋና ጉዳይ ነው። ለፈተና ብቻ ስለምናጠናው ነው የት እንደሚውል የማይገባን።

ፖስተሩን ከለጠፍን በኋላ

በየዓመቱ ኤግዚቢሽን ስናዘጋጅ የአቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊን ፖስተር እንለጥፋለን። ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1013 ያለፉት እኚህ የአንደሉስ ሐኪም «አት-ተስሪፍ» በተባለው ባለ 30 ክፍል ሥራቸው የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥተዋል፤ ከዚያም ውስጥ ስለ ስብራትና ውልቃት ለብቻው ጽፈዋል። ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎችን በሥዕል አሳይተዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ከተተረጎመ በኋላ የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ተምረውበታል።

ግን ፖስተሩን ለጥፈን፣ ፎቶ ተነስተን፣ «የኛ ነበር» ብለን እንሄዳለን። እሳቸው ግን በዚያው ክፍል መግቢያ ላይ ያለፈውን ሲያሞግሱ አልተቀመጡም። በዘመናቸው ቀዶ ሕክምናን በደንብ የሚያውቅ መጥፋቱን፣ የሰውነትን አሠራር ሳያጠኑ ቢላ የሚያነሱ ሰዎች ሕዝብ እንደሚጎዱ አዝነው ጽፈዋል። መሣሪያዎቹን የሣሉትም የሚቀጥለው ሰው እንዲሠራቸው ነው። ሥዕሉ ለግድግዳ ጌጥ ሳይሆን ለቀጥቃጭ የተላከ ትእዛዝ ነበር ማለት ይቻላል።

ኢማም አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ውስጥ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ይቆጥሩታል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ሙግት ፊቅህ ሲጎርፍ፣ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ መብዛቱን ወቅሰዋል። እንግዲህ ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ከሆነ፣ ሐኪሙ ያለሱ መሥራት የማይችለው መሣሪያስ? እኔ እንደሚገባኝ ተመሳሳይ ነው፤ ዑለሞቻችንን ጠይቁ። ፈርድ ኪፋያ ማለት ደግሞ ማንም ካልሠራው ሁላችንም እንጠየቅበታለን ማለት ነው።

«በዚህ አገር እንዴት ይሆናል?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ መልሱ አንድ ነው፦ «ቲታኒየም የለን፣ ፋብሪካ የለን፣ ምኑን እንነድፋለን?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ምሳሌ ላንሳ።

ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በ1950ዎቹ በሳይቤሪያ በምትገኝ ኩርጋን በተባለች ከተማ የሚሠሩ ሐኪም ነበሩ። ሩቅ ቦታ ነው፤ እቃም እንደልብ አይገኝም። በቀለበቶችና ቀጭን ሽቦዎች አጥንትን ከውጭ በኩል የሚይዝ መሣሪያ ሠሩ። አሠራሩ ከብስክሌት መንኮራኩር ጋር ይመሳሰላል፤ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጭነት ይሸከማል። በዚህ መሣሪያ አጥንትን ቀስ በቀስ፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማርዘም እንደሚቻል አሳዩ። ምዕራቡ ዓለም በሰፊው ያወቀው በ1980ዎቹ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው የቅርብ ነው። የጭን አጥንት ሲሰበር በአጥንቱ ቱቦ ውስጥ ረጅም ዘንግ ገብቶ ከላይና ከታች በብሎን ይቆለፋል። ችግሩ የታችኛውን ቀዳዳ ከውጭ ሆኖ ማግኘት ነው። ሀብታም አገር ውስጥ በቀዶ ሕክምናው መሐል ራጅ በሚያሳይ ማሽን ይታያል። ያ ማሽን የሌለበት ሆስፒታል ምን ያድርግ? በቬትናም ጦርነት ጊዜ እዚያ ያገለገሉት አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 ሳይን የተባለ ድርጅት መሠረቱ። መፍትሔያቸው የረቀቀ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ከዘንጉ ጋር የሚገጠም ከውጭ የሚሄድ ክንድ ነው፤ ክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከውስጡ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ቀዳዳው መገኘቱን ሐኪሙ በእጁ ስሜት የሚያረጋግጥበት ቀጭን መሣሪያም አለው። ዘንጉ ድፍን ስለሆነ ሲገባ አይጣመምም፤ አጥንቱም በእጅ ነው የሚቦረቦረው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጭምር ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ዘንግ ቆመው ሄደዋል።

ልብ በሉ፤ ያ ክንድ መሪ ነው። በወርክሾፕ ቋንቋ «ጂግ» የምንለው። ሁለተኛ ዓመት ላይ እንጨት ለመብሳት የሠራነው ዓይነት። ልዩነቱ ንድፉን የሠራው ሰው ራጁ የሌለበትን ክፍል በዓይነ ሕሊናው አይቶ መነሳቱ ነው።

ከአከርካሪ አንጀምር

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ወንድሞቼ ጋር እለያያለሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲመርጡ የአከርካሪ ብሎን፣ ሰው ሠራሽ ዲስክ፣ በኮምፒውተር የተሣለ ውብ ነገር ይመርጣሉ። ስላይዱ ያምራል፤ ውጤቱም ኤ ነው። ከዚያ ፋይሉ ፍላሽ ውስጥ ይቀራል።

የአከርካሪን ጉዳይ ማቃለሌ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ ያጎበጣቸውን ልጆች በየከተማችን እናያለን። ለዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች፣ አዲስ አበባ በሚሠሩት በዶክተር ሪክ ሆድስ አማካይነት፣ ጋና ድረስ ሄደው በፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ ሆስፒታል ጀርባቸው ተቃንቷል። አፍሪካዊ ሐኪም በአፍሪካ ምድር ይህን ማድረጋቸው ሊያኮራን ይገባል። ግን ያ ብሎን የሚገባበት የአጥንት አንገት በደረት አካባቢ አንዳንዴ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከጎኑ ሕብለ ሰረሰር አለ። ብሎኑና ዘንጉ አብረው ከሚያልፉባቸው ፈተናዎች አንዱ 5 ሚሊዮን ጊዜ እየታጠፉ አለመሰበራቸውን ማሳየት ነው። ከዚያ የቁስ ማረጋገጫ፣ የንጽሕና፣ የባለሥልጣን ፈቃድ አለ። ይህ ሁሉ ትርፍ ቢሮክራሲ አይደለም፤ አማና ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር ስሕተቱም እዚያው ይቀራል። ወርክሾፕ ውስጥ ቆርጠን «የአገር ውስጥ ምርት» ብለን ሰው ጀርባ ውስጥ ልናስገባ የሚያጣድፈን ስሜት ካለ፣ ኒያችንን እንመርምር።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከብረቱ በፊት ካቻቢቴው። በሰውነት ውስጥ ከሚቀረው ሳይሆን ሐኪሙ በእጁ ይዞ ከሚመልሰው እንጀምር። የተበላ ብሎን ማውጫ። የተለያየ አምራች ብሎን የሚፈታ የካቻቢቴ ስብስብ። ታጥቦ የሚደርቅ፣ ተፈታትቶ የሚጸዳ እጀታ፤ ምክንያቱም ደም የሚደበቅበት ስንጥቅ ካለው በ134 ዲግሪ እንፋሎት ቢቀቀልም አደጋው አይጠፋም። ሐኪሞች የሚለማመዱበት ሰው ሠራሽ አጥንት። እነዚህም ፈቃድና ፈተና ይፈልጋሉ፤ ግን ደረጃ በደረጃ ልንደርስባቸው የምንችላቸው ናቸው። ካቻቢቴ የሠራ ሰው ነገ ብሎኑን ሲነድፍ፣ የሚፈታበትን ቀን አስቦ ይነድፈዋል።

ንድፉ የማንን ኑሮ ያውቃል?

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ የተለመደው ንድፍ ወንበር ላይ ለሚቀመጥና ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይበቃል፤ ለዚያ 90 ወይም 100 ዲግሪ መታጠፍ በቂ ነው። በሁለት ሱጁድ መካከል ለመቀመጥ ግን ጉልበት ከ130 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ኩባንያዎች የበለጠ የሚታጠፍ ጉልበት ማውጣት ጀመሩ፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ግን ከቀድሞው ብዙ ልዩነት አላገኙበትም። ጥያቄው ገና ክፍት ነው። መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ በርከክ ብሎ የሚበላ፣ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩን መሬት የሚያስነካ ሰው ንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሌለ ማን ያነሳዋል?

ዲናችን ገር ነው፤ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል። የአጎቴ ሶላት ወንበር ላይ ሆኖም ሶላት ነው። ግን አንድ ቀን ከጁሙዓ ስንመለስ «ሱጁድ ናፈቀኝ» አሉኝ። ያ ቃል ከየትኛውም ሌክቸር በላይ አስተምሮኛል።

ጀመዓችን ምን ያድርግ?

ትልቅ በጀት አልጠይቅም። የሕክምና ተማሪዎቻችንና የምህንድስና ተማሪዎቻችን አንድ መስጂድ ይሰግዳሉ፤ ጫማቸውን አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስለ ትምህርታቸው ግን አይነጋገሩም። በወር አንድ ቀን ከዐስር በኋላ እንዲገናኙ ይደረግ። በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያሉ እህቶችና ወንድሞች «በዚህ ሳምንት የጎደለን መሣሪያ ይህ ነበር» ብለው ይናገሩ፤ የታካሚ ስምና ምስጢር ሳያወጡ። የምህንድስናዎቹ ይጻፉ። የሚመረቁት ከዚያ ዝርዝር ርዕስ ይምረጡ።

ሁለተኛው፣ በሆስፒታሉ ፈቃድና በመምህራን ክትትል፣ እዚያ ያሉት ብሎኖች በየዓይነታቸው ተለክተው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰንጠረዥ ይሠራ፦ ይህ ብሎን በዚህ ካቻቢቴ ይፈታል። አንድ ወረቀት ነው። አጎቴ በተከፈቱበት ቀን ያ ወረቀት ቢኖር፣ ካቻቢቴው አስቀድሞ ይፈለግ ነበር።

ሦስተኛው፣ ወጌሻዎቻችንን አንናቅ። ብዙው ሕዝብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግር ያስቆረጠበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን ከመሳደብ ይልቅ የጣት መቀዝቀዝና መደንዘዝ አደጋ መሆኑን ማስተማር፣ የሚላላ ማሰሪያ አብሮ መንደፍ ይበልጣል። ለእረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ እናውቃቸዋለን፤ ቋንቋቸውንም እንናገራለን።

በሐዲስ እንደተነገረን በሰው ላይ ያለ መገጣጠሚያ ሁሉ በየቀኑ ሰደቃ አለበት፤ ሰውን ወደ መጓጓዣው ደግፎ ማውጣትም ከሰደቃው ይቆጠራል። ጤነኛ ጉልበትና ጤነኛ ጀርባ ይዘን ወደ ክፍል የምንሄድ ሁሉ ይህ ዕዳ አለብን። ካቻቢቴ ላይ የሠሪው ስም አይጻፍም፤ ታካሚው ተኝቶ ስለሆነ አያየውም። አላህ ግን ያየዋል።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ካሊፐሩን እኔ አመጣለሁ። የሕክምና ተማሪዎች፣ እናንተ የጎደላችሁን ይዛችሁ ኑ። አላህ ኢልማችንን የሚጠቅም ያድርግልን፤ ለታመሙት ሺፋ ይላክ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከ5ኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ